ጠላማ መጠጥ አይደለም

እኔ አልጠጣም። ይኼን ከወዲሁ የማስታውቃችሁ፣ ኋላ ስለ ጉበቴ ሳወራ «እሱማ ሰካራም ነበር» ብላችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩብኝ ነው። ጎረቤት ጠይቁ። ባለቤቴን አስካለን ጠይቁ። ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም ባለው ዳገት ላይ፣ በዚያ በአብዮቱ ዘመን እኔን ጠጪ የሚል ሰው ብታገኙ፣ ያ ሰው ራሱ ጠጥቷል ማለት ነው።

በእኛ ሰፈር ጠጪ የሚባለው የታወቀ ነበር። ጠጪ ማለት ቦይ ውስጥ የሚወድቅ፣ ሚስቱን የሚደበድብ፣ በሰዓት እላፊ ተይዞ ቀበሌ የሚያድር ነው። እኔ በሁለት እግሬ ሄጄ በሁለት እግሬ የምመለስ፣ የአንድ ኮርፖሬሽን ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ ክራባት የማስር ሰው ነበርኩ። አዎ፣ ምሳ ላይ ጠላ አለ። ጠላ ግን ገብስ ነው፤ ገብስ በልታ የሰከረች በቅሎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጠጅ የምጠጣው ሠርግ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የሙሽሮቹ ጥፋት እንጂ የእኔ አይደለም። ካቲካላ መድኃኒት ነው። ለጉንፋን፣ ለጥርስ፣ ለወገብ፣ ለቁርጠት፣ ለድንጋጤ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ድንጋጤ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። ቢራ እንደሆነ ጭራሽ አይገኝም። የቀበሌው መዝናኛ ክበብ መጥቶለታል ሲባል ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ አንድ ጠርሙስ የደረሰው ሰው የሚጠጣው ለጥሙ ሳይሆን ለድሉ ነው። ከውይይት ክበብ ስንወጣም መፈክር ያደረቀውን ጉሮሮ ማርጠብ የጤና ጉዳይ ነው። እስቲ ከዚህ ሁሉ ውስጥ መጠጥ የቱ ነው?

ማኅበሩንማ ልተወው። እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ነኝ። የሚካኤልም ነኝ። የመድኃኔዓለምም ነኝ። አስካለ ደግሞ «አቦን ብቻ ምን በድለውህ ትተዋቸዋለህ?» ብላ የአቦንም አስገባችኝ። ጽዋ ሲቀርብ አልፈልግም ማለት ከጻድቁ ጋር መጣላት ነው፤ ከጻድቃን ጋር ተጣልቶ ደግሞ ያንን ዳገት መውጣት አይቻልም። ከጽዋው በኋላ ጣሳው ይዞራል። ጣሳው ከዞረ «በሞቴ!» ይመጣል። እኛ አገር ሰው ሰውን ሲወድ በገዛ ሞቱ ያስፈራራዋል። ወዳጅህ ጣሳ ይዞ ፊትህ ቆሞ «በሞቴ!» ካለህ፣ ወይ ትጠጣለህ ወይ ገዳይ ትሆናለህ።

በዚህ በ«በሞቴ» የሚስተካከላቸው ያልነበረ ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ግድግዳ የሚለየን ጎረቤቴ ነበሩ፤ ከጋሞ ደጋ በወጣትነታቸው መጥተው ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ ዕቃቸውን የተከሉ ሸማኔ። ቀኑን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ሰድደው ይሸምናሉ። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የመወርወሪያቸው ድምፅ ነበር፤ ሰዓት ገዝቼ አላውቅም። ልጄ ክርስትና ስትነሳ ጥበቡን በነፃ የሠሩ፣ እኔ ቀበሌ ታስሬ ባደርኩባት አንዲት ሌሊት አስካለን ሲያጽናኑ ያደሩ ሰው ናቸው። ወድጃቸው ነበር። እሳቸው ሲያጠጡኝ እምቢ ያላልኩት ፈርቼ ሳይሆን ወድጄ ነው፤ የፈራሁትን ሰውማ ብዙ ጊዜ እምቢ ብያለሁ፣ በሆዴ።

ነገሩ የጀመረው በሻይ ብርጭቆ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆው በእጄ ላይ እንደ ጸናጽል መንሿሿት ጀመረ። ቀጥሎ ቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ከበደኝ። ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄደ። አስካለ አንድ ቀን አገጬን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችኝና፣

«ዓይንህ ምነው ሽሮ መሰለ?» አለችኝ።

ለጋሽ አንጁሎ ነገርኳቸው። «ይኼማ ብርድ ነው!» አሉ፤ ለእሳቸው ከጥርስ ሕመም እስከ ግብር ድረስ ሁሉም ብርድ ነው። ጤና አዳም የተዘፈዘፈበት ካቲካላ በመለኪያ ቀዱልኝ። ጠጣሁት፤ እውነትም ለዚያች ሰዓት ተሻለኝ። እጄ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት በእሳቸው በር ብቅ እያልኩ መድኃኒቴን እወስድ ጀመር፤ ለመድኃኒት ደግሞ ሥርዓት ያስፈልጋል። ዓይኔ ግን ከሽሮ ወደ ምጥን ሽሮ አለፈ።

«ወይ ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» አለች አስካለ። እናቷ ስትመጣ እንጂ እሷ ስትሄድ አልፈራም ነበር፤ ግን «ልጆቹን ላንተ ትቼ» ስትል ጤና ጣቢያውን መረጥኩ።

ጤና ጣቢያ መሄድ ማለት በክብሪት ቀፎ ሰገራ ይዞ መሄድ ማለት ነው። ክብሪት ራሱ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ባዶ ቀፎ ከየት ይመጣል? አስካለ ያልተነካ ክብሪት ገልብጣ እንጨቱን በጣሳ አስቀመጠች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃ በተለኮሰ ቁጥር ስሜ ይነሳል። ወረፋው ላይ ሁላችንም ኪሳችንን በአንድ እጃችን ደግፈን ቆመን፣ እርስ በርሳችን እየተያየን አንተያይም ነበር።

ዶክተሩ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ፣ ረዥም፣ እጀ ትልቅ ሰው ነው። የምታስተረጉመው ሲስተር ጽጌ የዳገታችን ልጅ ናት፤ እናቷ ከእኛ በላይ ቁስቋም መውጫው ላይ ይኖራሉ። ሁለቱ የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ለሁለቱም የሰው ዕቃ ስለነበር በጥንቃቄ ነበር የሚያነሱትና የሚያስቀምጡት። ዶክተሩ አስተኛኝና ቀኝ ጎኔን ተጫነ። «ዋይ!» አልኩ። ቅንድቡን ሰብስቦ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ይጠጣሉ ወይ ይላል» አለች ሲስተር ጽጌ።

«እኔ?» አልኩ፣ በተኛሁበት ክራባቴን እያቃናሁ።

«ኧረ አይጠጡም!» ብላ ሳቀች። «የሰፈራችን ሰው ናቸው እኮ፣ አውቃቸዋለሁ።»

አስካለም ከጎኔ ቆማ፣ «ማርያምን! በሌላ በሌላው ልማው እንጂ በዚህስ አላማውም» አለች።

ዶክተሩ እንደገና ተጫነ፤ እንደገና ዋይ አልኩ። እንደገና ጠየቀ።

«በጭራሽ? ምንም? ይላል።»

«በጭራሽ» አልኩ።

እጁ አንድ ነገር እየነገረው ጆሮው ሌላ የሚሰማ ሰው ሆኖ ለረዥም ጊዜ አየኝ። በዚህ መሐል የክብሪቱ ቀፎ መልስ መጣ፤ አሜባ። ሁላችንም ደስ አለን። አሜባ የሌለበት የጉለሌ ሰው ካለ ገና ትናንት የገባ እንግዳ ነው። ክኒን ታዘዘልኝ፤ ዶክተሩ ግን «ክኒኑን እንደጨረሰ ይመለስ፤ ያን ጎን ማየት እፈልጋለሁ» አለ። ሲስተር ጽጌ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልላ ስትሰጠኝ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ይኼን እየወሰዱ መጠጥ ጠብታ እንኳ እንዳይቀምሱ። ከመጠጥ ጋር አይስማማም፤ ሰው ይጥላል። ለእርስዎ መንገር ባያስፈልግም ሕጉ ነው ብዬ ነው።»

«አይዞሽ ልጄ» አልኳት።

የማርያም ማኅበር የዚያን ወር የእትዬ ወርቄ ተራ ነበር። እትዬ ወርቄ ባላቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸውን በጠላ ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ በራቸው ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋችው ጣሳ ሽሮ ሜዳ ላይ ከቀበሌው ሰንደቅ ዓላማ ይልቅ ትታወቃለች። ለማኅበሩ ሲሉ ጌሾውን ራሳቸው ገበያ ወርደው መርጠው፣ ጋኑን ደጋግመው አጥነው ነው የጠመቁት። እኔ ያን ቀን ምሳዬን በልቼ ክኒኔን በውሃ ዋጥኩ። በውሃ ነው ያልኩት፤ መጠንቀቄን ልብ በሉልኝ።

የንስሐ አባታችን ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ ጓድ ታምራት በጓሮ በር ገባ። ጓድ ታምራት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። በጉባኤ ላይ ሃይማኖት ኋላ ቀር ነገር መሆኑን ያስተምረናል፤ በየወሩ ደግሞ በእትዬ ወርቄ ጓሮ ይመጣል። «ለቁጥጥር ነው የመጣሁት» ይልና ከጋኑ አጠገብ፣ ከደጅ በማይታይበት ቦታ ይቀመጣል። ሁላችንም እንደ ቁጥጥር እንቆጥርለታለን፤ ብልህ ሰው ከሊቀመንበር ጋር አይከራከርም።

ጽዋው ዞረ፤ ተሳለምኩና ቀመስኩ። ጣሳው ተከተለ። አዲስ ነጭ ጋቢ የለበሱት ጋሽ አንጁሎ አጠገቤ ነበሩ። ጋቢውን ለፋሲካ ሊለብሱት ለራሳቸው የሸመኑት ነው፤ ሸማኔ ለራሱ መሸመን ማለት ብርቅ ነገር ነው፣ ለማርያም ብለው ነበር ቀድመው ያወጡት። የመጀመሪያውን ጣሳ ጨረስኩ።

«ድገም!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሆዴን ትንሽ...»

«በሞቴ!»

ደገምኩ። ብዙም ሳይቆይ ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ ፊቴ፣ ከዚያ አንገቴ። ልቤ እንደ ጋሽ አንጁሎ ሸማ ዕቃ ይንኳኳ ጀመር። የንስሐ አባታችን ሁለት ሆኑ፤ ሁለቱም ሲያዩኝ አየሁ። ለመነሳት ስሞክር ሆዴ ቀደመኝና፣ ከምሳዬ ጀምሮ ያለውን ሁሉ በዚያ በነጩ ጋቢ ላይ አወረድኩት።

ሴቶቹ ቀድመው «ዓይን ነው! ቡዳ ነው!» አሉ። የንስሐ አባታችን ግን መስቀላቸውን አውጥተው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ሳትናዘዝ የተውከው ነገር አለ እንዴ? ጽዋው ነው ያጋለጠህ።»

የምሞት መስሎኝ ነበር፤ እንግዲህ የሚሞት ሰው ምን ይደብቃል? ከመሥሪያ ቤት ካርቦን ወረቀት እየሰረቅሁ ለልጆቼ ማምጣቴን ተናዘዝኩ። ምስማርም ጨመርኩ። ቀለምም። ወደ ቆርቆሮው ስደርስ ከጋኑ በስተኋላ የጓድ ታምራት አንገት ብቅ ሲል አየሁና እንደገና አስታወከኝ፤ እግዜር ይስጠው፣ ያኔ ማስታወኬ ነው ያዳነኝ።

ጓድ ታምራት ተነስቶ ቆመ። «ማንም ከዚህ ቤት እንዳይወጣ!» አለ። «ይኼ አሻጥር ነው! ጠላው ውስጥ አንድ ነገር አለ!»

እትዬ ወርቄ ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው ወደቀ። «እኔ? በማርያም ድግስ?» አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እንዲህ ያለ ወሬ ከዚያ በር ከወጣ ማንም ተመልሶ እንደማይገባ፣ ያቺ ጣሳ ከእንጨቷ ላይ እንደምትወርድ እሳቸውም እኛም አወቅን። ከጋኑ ሞልተው ቀዱና በቁማቸው ጨለጡት። «እዩ! ከዚሁ ነው!» አሉ። ሰውም አላስቻለውም። ለእትዬ ወርቄ ንጽሕና ምስክር ለመሆን የንስሐ አባታችንም ጠጡ፣ ማኅበርተኛውም ጠጣ፤ ጓድ ታምራት ነገሩን ለማጣራት ሲል ደጋግሞ ጠጣ። እኔ ምድር ላይ ተዘርሬ ስቃትት፣ ከበላዬ ፍርድ ቤቱ በጣሳ ተሰየመ።

ጋሽ አንጁሎ ብቻ አልጠጡም። ጋቢያቸውን አላዩትም እንኳ። በንጹሑ ጫፍ አፌን ጠረጉልኝና ሮጠው ቤታቸው ሄደው ያቺን ጤና አዳም ያለባትን ጠርሙስ ይዘው መጡ።

«ይኼ ያረጋጋሃል። በሞቴ፣ ወንድሜ!»

እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ነበር፤ እንዴት እምቢ ይባላል? ጠጣሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሹን የማውቀው ስለነገሩኝ ነው።

በእትዬ ወርቄ አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኝተው ተሸከሙኝ። የተሸከሙኝ ሰዎች ለእውነት የመሰከሩት ናቸውና ዳገቱን የወረድነው በቀጥታ አይደለም። አንዴ ግድግዳ አስደገፉኝ፤ አንዴ መንገዱ በየት ነው በሚለው ክርክር ላይ ረስተውኝ ሊሄዱ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ያጣፋች አንዲት መንገደኛ ቀብር መስሏት ተቀላቀለችና እያለቀሰች፣ «ጠጥቶ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይጠጣም!» ብለው ጮሁባት፤ ትንፋሻቸው ብቻ ሊያሰክራት ይችል ነበር።

ጤና ጣቢያው ደረስን። ሲስተር ጽጌ ስታየኝ ክው አለች። «መጠጥ ቀምሰዋል እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። «ማኅበር ላይ ነበርን።»

አስካለም ደርሳ ነበር። «እሱ መች ጠጥቶ ያውቃል?» አለች እያለቀሰች።

ዶክተሩ መጣ። ጎንበስ ብሎ አሸተተኝ። ቀና አለና ጋሽ አንጁሎን አሸተተ። ወደ ጓድ ታምራት አንድ እርምጃ ሲጠጋ ጓድ ታምራት ወደ ኋላ ሄደ። ዶክተሩ እዚህ አገር ብዙ ቆይቶ ኖሮ የገበያ አማርኛ ቀስሟል። ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣

«ጠላ?» አለ።

ሁሉም እፎይ አለ። «አዎ፣ ጠላ! ጠላማ ጠጥቷል!»

«ካቲካላ?»

«እሱን እኔ ነኝ የሰጠሁት» አሉ ጋሽ አንጁሎ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፤ «ለመድኃኒት።»

ዶክተሩ አግዳሚው ላይ፣ እግሬ ሥር ቁጭ አለ። ከሲስተር ጽጌ ጋር ብዙ ተነጋገሩ። የሲስተር ጽጌ ፊት ቀላ፤ ቀጥሎ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ቀና ስትል የሞት መርዶ የምታረዳ ትመስል ነበር።

«ጠላም መጠጥ ነው ይላል» አለች።

ማንም አላመነም። የንስሐ አባታችን «የተባረከው እንኳ?» ብለው ጠየቁ። ጓድ ታምራት ተቆጣ። «ሰፊው ሕዝብ የሚጠጣው እንዴት መጠጥ ይሆናል? መጠጥ የቡርዧ ነው፤ ውስኪ ነው!» አለ፤ ዶክተሩ ከወዳጅ አገር መሆኑ ትዝ ሲለው ግን ድምፁን ቀነሰ። ዶክተሩ ሸሚዜን ገልጦ ቀኝ ጎኔን ተጫነና፣ አሁን እጁና ጆሮው ተስማሙ። ሲስተር ጽጌ እያረፈች ተረጎመች።

«ዛሬ የጣለዎት ክኒኑና ጠላው ተጣልተው ነው፤ እሱ ያልፋል። ጉበትዎ ግን አብጧል። እሱ የዛሬ ሥራ አይደለም፤ በየምሳው፣ በየማኅበሩ፣ በየጠዋቱ የተሠራ ነው። ካቆሙ ይድናል ይላል። ካላቆሙ አይቆይም።»

«ማን ነው የማይቆየው?» አልኩ።

«እርስዎ።»

አስካለ እጄን ያዘች። ልጆቼ ታዩኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሞት ወደ ዳገታችን በመኪና የሚመጣ፣ በር የሚደበድብ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ በጣሳ ተቀድቶልኝ፣ «በሞቴ» እየተባልኩ እየሳቅሁ እጠጣዋለሁ ብዬ መች አሰብኩ? ፈራሁ። ቀና ስል ደግሞ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የተሸከሙኝ ሰዎች ሁሉ ግድግዳውን ተደግፈው በተራ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ፣ አንድ እጁን በጋቢው ሥር አሾልኮ፣ ቀኝ ጎኑን በቀስታ ይጫናል። ጓድ ታምራት በካኪ ኮቱ ሥር፣ የንስሐ አባታችን በካባቸው ሥር። የሌሎቹ እጅ እየቆየ ወጣ። የጋሽ አንጁሎ ግን እዚያው ቀረ። ዓይናቸውን አየሁት፤ ሽሮ መስሏል።

አስካለ በበነጋታው ጋቢውን አጥባ አሰጣችው። ወለል ብሎ አልጠራም፤ መሐሉ ላይ ብዥ ያለ ነገር ቀረ። ጋሽ አንጁሎ አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ነህ ያከበርከው፣ አንተው ልበሰው» ብለው ሳቁ።

የእትዬ ወርቄ ስምም ነጻ ወጣ። «ክኒኑ ነው እንጂ ጠላዬ አይደለም!» እያሉ ዳገቱን ሙሉ ዞረው ተናገሩ። ሰፈሩም ከእኔ ውርደት ትምህርት ወሰደ። የተወሰደው ትምህርት ግን እንዲህ የሚል ነው፦ ክኒን አደገኛ ነገር ነው። ክኒን የታዘዘላቸው ሰዎች ወረቀቱን ሳይፈቱ ጣሉት። «ያ ምስኪን ምን እንደሆነ አላያችሁም? ለዚያውም የማይጠጣ ሰው!» ይባል ጀመር።

እኔ አቆምኩ። ማቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በላብና በንዴት አሳለፍኳቸው፤ አስካለ «ጠላው ይሻል ነበር መሰለኝ» እስከማለት ደርሳ ነበር። ዋናው ችግር ግን ሰው ነው። ማኅበር ላይ እትዬ ወርቄ ያልፈላ የማር ብርዝ ለብቻዬ ያስቀምጡልኛል፤ ያንን ስጠጣ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ጓድ ታምራት አንድ ቀን ቀበሌ አስጠራኝ። በሩን ዘጋና፣

«ጠላ ትተሃል የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«ጴንጤ ሆነሃል እንዴ?»

በዚያ ዘመን ይኼ የሚያስቅ ጥያቄ አልነበረም፤ ለዚህ መልስ የታሠሩ የሰፈር ልጆች አውቃለሁ። ኪዳነ ምሕረትን ጠርቼ ማልኩ፤ አላመነኝም። ጎኔን ገልጬ አሳየሁት። «ጉበት ነው፣ ጓድ» አልኩት። ገና «ጉበት» ስል እጁ ወደ ራሱ ጎን ሄደችና፣ አሰናበተኝ።

ጋሽ አንጁሎን ግን መላ አጣሁላቸው። «ጋሼ፣ ጎንዎን ያሳዩ፤ አብሬዎት ልሂድ» እላቸዋለሁ።

«ምን ብዬ? እኔ እኮ አልጠጣም።»

«ጠላው ጋሼ? ካቲካላውስ?»

«ጉድጓዱ ብርድ አለው፤ እግሬ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነው ያለው። አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ምን ታውቃለህ?»

«አንድ ቀን ብቻ። ዶክተሩ ይንካዎት ብቻ።»

ሸማቸውን ተዉና አዩኝ። የሳቅ ፊት አልነበራቸውም።

«ነክቶ ክኒን ይሰጠኛል» አሉ። «ክኒን አንተን ምን እንዳደረገህ በዓይኔ አይቻለሁ። ሞተህብኝ ነበር።»

ነገሩን ደጋግሜ አስረዳኋቸው፤ ጥፋቱ የጠላው ነው አልኩ፣ የካቲካላው ነው አልኩ፣ ጎኔን አሳየሁ። እሳቸው የሚያምኑት ያዩትን ነው። ያዩት ደግሞ ጠላ ስጠጣ ዕድሜዬን ሙሉ ደህና የነበርኩት ሰው፣ ክኒን በዋጥኩ ዕለት ጋቢያቸው ላይ ስወድቅ ነው። በእኔ ሞኝነት ነው የፈሩት። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ክረምቱ ሳይወጣ ሆዳቸው አበጠ። ቀጥሎ እግራቸው፤ መሸመን ግን አልተዉም። የንስሐ አባታችን ጠበል አመጡላቸው፤ ሰዉ ጤና አዳሙን እየዘፈዘፈ አመጣላቸው። በመጨረሻ ተሸክመን ስንወስዳቸው ዶክተሩ እጁን ጎናቸው ላይ አሳረፈና ሳይጫን አነሳው። ሲስተር ጽጌ ምንም አልተረጎመችም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ያለ መወርወሪያ ድምፅ ነቃሁ፤ ሥራም አረፈድኩ።

ለአርባቸው ድንኳን ተተከለ። ጠላውን የጠመቁት እትዬ ወርቄ ናቸው፤ ለጋሽ አንጁሎ ሲሉ ከማኅበሩም የበለጠ ደክመውበታል። ያንን ጋቢ ለብሼ፣ ብዥ ያለውን ቦታ ወደ ውስጥ አጥፌ ተቀመጥኩ። ጓድ ታምራት በዚህኛው ጊዜ በፊት ለፊት ነው የገባው፤ አጠገቤ ተቀመጠ። ጣሳው ሞልቶለት ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። አንዴ ጠጣና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼን የመሰለ ሰው ምን ነካው?» አለ። «አይጠጣ፣ አያጨስ!»

እትዬ ወርቄ ብርዜን ለማምጣት ወደ ጓዳ ሄደው ነበር። ጓድ ታምራት እጄ ባዶ መሆኑን አየና የራሱን ጣሳ አቀበለኝ።

«ለነፍሳቸው ነው። በሞቴ!»

«አልጠጣም» አልኩ። በሕይወቴ ሙሉ ስለው ኖሬ፣ እውነት ሆኖ ከአፌ ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ጓድ ታምራት በአዘኔታ አየኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እኔስ መች እጠጣለሁ? ይኼ እኮ ጠላ ነው።»